«ራሳችሁ ፈልጉት» ስትሏቸው ሳይንስ ክፍል ውስጥ ምን ይሆናል?

ባዮሎጂ መምህርት፣ ሐዋሳ
ሰላም መምህራን። 9ኛ ክፍል ነው የማስተምረው፤ አንዱ ክፍል ውስጥ ከስልሳ በላይ ልጅ አለ። «ተማሪ ተኮር» የሚለውን ቃል ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። ዘንድሮ የምሬን ልሞክረው ብዬ «ስለ ሐይቃችን የፈለጋችሁትን ጥያቄ መርጣችሁ መልሱን ራሳችሁ ፈልጉ» አልኳቸው።

ከፊሉ በማግስቱ ከቴሌግራም የተገለበጠ ወረቀት ይዞ መጣ። ኋላ የሚቀመጡት፣ ድምፃቸው የማይሰማው ልጆች ግን ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወርደው ዓሣ የሚበልቱትን ሰዎች ሲጠይቁ ዋሉ። ከቆሮሶ ዓሣ ሆድ የወጣ አረንጓዴ ነገር በላስቲክ ቋጥረው አመጡልኝ። አልጌ ነው። ክፍሉ ሸተተ፤ ከእኔ ቀጥሎ የሚገባው የሒሳብ መምህር እስካሁን አኩርፎኛል። አንዷ ደግሞ «አባ ኮዳ የሚባለው ትልቁ ወፍ ሰው የሚጥለውን የዓሣ ትርፍራፊ ባያገኝ ምን ይበላ ነበር?» አለችኝ።

ደስ ብሎኛል፤ ግን ምዕራፉ አላለቀም። ነጥብ አሰጣጡም ግራ ገባኝ። በየቡድኑ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ስሙን ያጽፋል። እናንተ እንዴት ትወጡታላችሁ?

ፊዚክስ፣ አዳማ
እህቴ፣ የገለበጡት ሁሉ ሰንፈው አይመስለኝም። «ስለ ሐይቁ» ሲባል ልጁ ከየት ይጀምር? እኔ ርዕሱን አልለቅም። ነገሩን ፊታቸው አስቀምጣለሁ፤ ጥያቄውንና ዘዴውን ለእነሱ እተዋለሁ።

መጽሐፉ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል። ምድጃ፣ ድስትና ቴርሞሜትር ሰጠኋቸው። ውኃው እየተንተከተከ ቴርሞሜትሩ 94 አካባቢ ቀጥ አለ። «ተበላሽቷል» አሉ። ሌላ ቀየሩ፤ ያው። አንዱ «ቧንቧው ነው ጥፋቱ» ብሎ የታሸገ ውኃ ገዝቶ መጣ፤ ያው። እኔ ዝም። ዝም ማለት ከማስተማር ይከብዳል፤ ምላሴን ይበላኛል። በመጨረሻ አንዲት ልጅ «ግን መጽሐፉን የጻፉት የት ሆነው ነው ያፈሉት?» አለች።

ከዚያ ወዲያ ስለ አየር ግፊት ስሙኝ ብዬ መለመን አላስፈለገኝም። ከፍታችን ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነ ግፊቱ ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፤ ግፊት ሲያንስ ደግሞ ውኃ ከ100 በታች ይፈላል። የሚፈላበት ሙቀት ደብረ ብርሃን 91 ገደማ፣ ሠመራ ከ98 በላይ እንደሚሆን ራሳቸው አሰሉ። እናቱ ደብረ ብርሃን ያደጉለት ልጅ እዚያ ንፍሮ ለምን ቶሎ እንደማይበስል አስረዳን።

ነጥቡን በተመለከተ፣ ማን እንደሚያቀርብ እዚያው በዕጣ አወጣለሁ። ስሙን ብቻ ያጻፈ ወዲያው ይታወቃል። ግማሹን ነጥብ የምሰጠው ደግሞ «ምን ጠብቀን ነበር፣ ምን አየን» ለሚለው ነው፤ እሱን ከቴሌግራም አያገኙትም።

የተማሪ እናት
ልፋታችሁን አከብራለሁ። ግን የእኔ ልጅ 12ኛ ክፍል ነው። ማትሪክ ላይ የሚመጣው ምርጫ ነው፤ ድስት ጥዶ የሚጠብቀው የለም። ደግሞ ቤቱ ኢንተርኔት ያለው ልጅ ይመራል፣ የሌለው ቁጭ ብሎ ያያል። 12ኛን እንኳ ለቀቅ አድርጉልን።

ላብ ቴክኒሻን፣ ሐዋሳ
እናታችን እውነት አላቸው፤ ግን አሞራ ገደል የወረዱት ልጆች ካርድ አልፈጁም።

መምህርት፣ አንድ ነገር አደራ፦ ሐይቁ ውስጥ እግራቸውን እንዳይነክሩ። ቢልሃርዚያ አለ፤ በቆዳ የሚገባ ጥገኛ ትል ነው። ጆግ በገመድ አስረው ይቅዱ። ከዚያ ቀይ ጥቅል ጎመን ከትፈሽ ሙቅ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፊው። ወይን ጠጅ መልክ ያለው ውኃ ይወጣል። ሎሚ ጠብ ሲደረግበት ይቀላል፤ የሐይቁን ውኃ ሲጨምሩበት ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ነውና። ለስልሳ ልጅ አንድ ራስ ጎመን ይበቃል፤ ኬሚካል ጠይቀሽ ፈቃድ ከምትጠብቂ ይሻላል።

ከዚያ አንዱ መጠየቁ አይቀርም፦ ሐይቁ ጥቁር ውኃ የሚባል ወንዝ ይገባበታል፣ የሚወጣ ወንዝ ደግሞ የለውም፤ ታዲያ እንደ ሻላ ሐይቅ ጨው በዝቶበት ለምን አልመረረም? ውኃው ጨዉን ይዞ ከመሬት በታች ሰርጎ መውጫ ስላገኘ ነው። ቶሎ አትንገሪያቸው።

ባዮሎጂ መምህርት፣ ሐዋሳ
ዕጣዋን ከነገ ጀምሬ እሞክራታለሁ። እናታችን፣ 12ኛ ላይ እኔም አልደፍርም፤ 9ኛ ላይ ግን ጊዜ አለን። ኢንተርኔት ስለሌላቸው ያሉት ትክክል ነው፣ ስለዚህ ሥራውን ወደ ቤት አልሰጥም፤ ክፍል ውስጥ ይጨርሱታል። ቴክኒሻን ወንድሜ፣ ቀይ ጎመኑን ከየት ነው የምትገዛው? እኛ ሰፈር ያለው ነጩ ብቻ ነው።