ለጣና የሚሆን የእንጨት ካያክ፦ ማጠናቀቂያው ላይ ምክር ስጡኝ

ጠያቂ፣ ባህር ዳር
ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ግቢያችን ውስጥ ለአንድ ሰው የሚሆን ካያክ (በመቅዘፊያ የሚሄድ ጠባብ ጀልባ) እየሠራሁ ነው። አካሉ 4 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ነው፣ የጠርዙ ማጠናከሪያ ዋንዛ። ቁርጥራጮቹን በቀጭን የመዳብ ሽቦ ሰፍቼ ቅርጹን አስይዤዋለሁ። የቀረኝ መገጣጠሚያውን ማጣበቅና ማጠናቀቅ ነው፣ እዚህ ላይ ምክር በዛብኝ። አንዱ ዘይት ቀለም ቀባው በቃ ይላል፣ ሌላው ቫርኒሽ ብቻ ይበቃዋል ይላል። የእንጨቱ መልክ እንዲታይ እፈልጋለሁ፣ ግን ከሁሉ በፊት ውሃ እንዳያስገባ። ጠዋት ጠዋት ዳር ዳሩን ልቀዝፍበት ነው ሐሳቤ።

አናጢው፣ ደብረ ማርቆስ
ወንድሜ፣ ቀለሙን ለጊዜው ተወውና ኮምፔንሳቶውን ፈትነው። ቁራጭ አይጠፋህም። ድስት ውስጥ ጨምረህ አንድ ሰዓት ያህል ቀቅለው፣ አድርቀው፣ ከዚያ ንብርብሩን በቢላ ጫፍ ለመፈልቀቅ ሞክር። ከተላቀቀ የቤት ዕቃ መሥሪያ ነው፤ ላዩን ምንም ብትቀባው አንድ ቀን ውሃ በጭረት ይገባና ያብጣል። ካልተላቀቀ ሙጫው ውሃ ይችላል ማለት ነው። ደግሞ ኮምፔንሳቶ ውሃ የሚጠጣው በተቆረጠበት ጠርዝና በቀዳዳው ነው። ፊቱን አሳምሮ ጠርዙን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው።

ጀልባ ሠሪ
ቫርኒሽ ብቻውን አይበቃም፣ ኤፖክሲም (ከማጠንከሪያው ጋር ተበጥብጦ የሚደርቅ ሙጫ) ብቻውን አይበቃም። ውሃውን የሚከለክለው ኤፖክሲው ነው፣ ኤፖክሲውን ከፀሐይ የሚጠብቀው ቫርኒሽ ነው። የእኛ ፀሐይ ደግሞ ቀላል አይደለም፣ ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ የፀሐይ መከላከያ ያለበትን የውጭ ቫርኒሽ ፈልግ።

መገጣጠሚያውን ከውስጥ ለመሙላት ኤፖክሲውን ከደቃቅ ሰጋቱራ ጋር እንደ ገንፎ እስኪወፍር አቡካው። መጀመሪያ በሽቦዎቹ መሀል መሀል ቆንጥረህ አጣብቅ፣ ሲደርቅ ሽቦውን አውጣና ሙሉውን ሙላ። ማጠንከሪያውን ላብዛው ቶሎ እንዲደርቅ እንዳትል፤ መጠኑ ከተዛባ በደንብ ሳይደርቅ እጅ እንደያዘ ይቀራል። በትንሽ በትንሹ በጥብጥ፣ ብዙ ከሆነ ዕቃው ውስጥ ራሱ ይግልና ይጨስብሃል።

ከውጭ ስስ የፋይበር ግላስ (ከመስታወት ክር የተሸመነ) ጨርቅ አልብሰው። ነጩ ጨርቅ ኤፖክሲውን ሲጠጣ ዓይንህ እያየ ይጠፋና የእንጨቱ መስመር ፍንትው ብሎ ይወጣል፤ ነጭ ሆኖ የቀረ ቦታ ካለ አልጠገበም ማለት ነው። ይህን ሥራ ጠዋት አትጀምረው። ቀኑ እየሞቀ ሲሄድ እንጨቱ ውስጥ ያለው አየር ይሰፋና አረፋ ያወጣብሃል። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ መውረድ ሲጀምር ቀባ፣ ጥላ ሥር። ሲደርቅ ላዩ ላይ ቅባት ነገር ሊወጣ ይችላል፤ በንጹሕ ውሃ ፈግፍገህ እጠበው፣ ከዚያ ነው ብርጭቆ ወረቀት። ቅባቱ ላይ ቫርኒሽ አይዝም። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ግድ ነው፣ አቧራው ለሳንባ መጥፎ ነው።

የጣና ልጅ፣ ዘጌ
ስለ ማጣበቂያው እነሱ ይበቃሉ፣ እኔ ስለ ውሃው ልንገርህ። የደንገል ታንኳ ውሃ ቢገባበት የሚያንሳፍፈው ደንገሉ ራሱ ነው። ያንተ ካያክ ግን ውሃ ከሞላው አይሸከምህም። ከፊትና ከኋላ በኮምፔንሳቶ ግድግዳ ዝጋና የአየር ክፍል አድርግለት። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ይነሳል፣ ማዕበሉ አጭርና ተደጋጋሚ ነው፣ ስለዚህ በጠዋት ወጥተህ በጊዜ ግባ። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ አለ፣ ቀረብ ብዬ ልይ አትበል። የመንሳፈፊያ ጃኬት ደግሞ ዋና ብትችልም ልበስ።

ጠያቂ
በጣም አመሰግናለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ቁራጩን ቀቀልኩት፣ ንብርብሩ አልተላቀቀም። ሁለቱንም ጫፍ እዘጋለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅ፣ የአየር ክፍሉን ድፍን አድርጌ ነው የምዘጋው?

ጀልባ ሠሪ
ድፍን አታድርገው። ግድግዳው ላይ ከፍ አድርገህ መርፌ የምታክል ቀዳዳ ተውለት። ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ አየሩ ይሰፋል፣ መውጫ ካጣ መገጣጠሚያውን ይገፋዋል። በዚያች ቀዳዳ የሚገባው ውሃ ከቁጥር አይገባም። መክደኛ ያለው መስኮትም ብትሠራለት ጥሩ ነው፣ ዳር ስትወጣ ከፍተህ ታናፍሰዋለህ።