ለተሸፈነ የጓሮ መደብ ትል ልግዛ ወይስ ቨርሚ ኮምፖስት? (ጥቆማ፣ ደብረ ማርቆስና አካባቢው)

ሰላም ጎጃሞች። ጓሮዬ በብሎኬት ሁለት መደብ ሠርቼ ቆስጣና ካሮት ዘርቻለሁ፣ በጥቁር ላስቲክም ሸፍኜዋለሁ፣ አፈሩ ግን እንደ ጡብ ድርቅ አለብኝ። ትል ወይ የተዘጋጀ ቨርሚ ኮምፖስት (ትል ያብላላው ማዳበሪያ) የሚሸጥ የምታውቁ ጠቁሙኝ፣ የቱ ይሻላል?

— እህቴ ሁለቱንም ገዝቼ አይቻለሁ፣ ብርሽን ሳታወጪ ስሚኝ። መጀመሪያ ቀዩን ትል ነበር የገዛሁት፣ ሰውዬው ግማሽ ኪሎ ነው ብሎ በፌስታል ሰጠኝ፣ ቤት ገብቼ ስዘረግፈው አብዛኛው እበት። ይሁን ብዬ መደቡ ላይ በተንኩት፣ በሦስተኛው ሳምንት ብኮተኩት አንድም የለ። ኋላ የግብርና ባለሙያዋ ስቃብኝ ስታበቃ ነው የነገረችኝ፣ ቀዩ ትል የሚኖረው የሚበሰብስ ነገር ውስጥ ነው፣ ፍግና ልጣጭ ባለበት ሳጥን ካልሆነ ባዶ አፈር ላይ አይቆይም። አፈር የሚፈለፍለው ክረምት ስትኮተኩቺ የምታይው የራሳችን ትል ነው፣ እሱ ደግሞ አይገዛም፣ የሚበላውና ጥላ ካገኘ ከሥር ይመጣልሻል። ብቻ መደቡን ከታች ሲሚንቶ ወይ ላስቲክ እንዳታነጥፊበት።

ቨርሚውን ግን ግዢ። ስትገዪ ዝገኚና አሽትቺው፣ ዝናብ የመታው አፈር ከሸተተሽ ደርሷል፣ እበት እበት ካለሽ ገና ነው። ለሁለት መደብ አንድ ማዳበሪያ (ከረጢቱን ነው የምለው፣ ዩሪያ እንዳትገዪ ሃሃ) ለመጀመሪያ ይበቃሻል።

ዋናው ጣጣሽ ግን ሽፋኑ ነው። ጥቁር ላስቲክ ርካሽ ነው ግን መጋቢት ላይ እጅሽን ከሥሩ ስደጂ፣ ምጣድ ነው፣ ዝናቡንም አያስገባም። ትል የሚተነፍሰው በቆዳው ነው እኮ፣ ቆዳው ከደረቀ አለቀለት፣ ቀዩ ትል ራሱ የሚስማማው ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ነው። የማዳበሪያ ከረጢት ተርትሬ አልብሼው ነበር፣ ፀሐይ በጣጠሰውና እስከዛሬ ካሮት ስነቅል ነጭ ክር አብሮ ይወጣል። የጥላ መረብ ጥሩ ነው፣ ዋጋው ነው እንጂ። እኔ የጸናሁት በጤፍ ጭድ ነው፣ አራት ጣት ያህል ደልድዬ ውሃ አርከፈክፍበታለሁ። እናቴ የከብት ምግብ መሬት ላይ ደፋህ ብላ ስትቆጣኝ ከክምሩ ሥር ዝናብ የመታውን፣ ከብቱ አሽትቶ የሚተወውን መውሰድ ጀመርኩ። አሁን ጭዱን ገለጥ ሳደርግ እንደ ሽንብራ የተንከባለለ የትል ኩስ አያለሁ፣ ውሃም ሳጠጣ እንደ ድሮው ላዩ ላይ አይተኛም።

— ከእንጅባራ ነኝ። የወንድሜ ምክር ጥሩ ነው ግን እኛ ጋ ጭድ ብቻውን አልሠራም፣ አፈራችን አሲዳማ ነው፣ ትልም ገብስም አይወደው። የግብርና ኖራ ካደረግንበት በኋላ ነው ለውጥ ያየነው። መጀመሪያ አፈርሽን አስመርምሪ፣ ዝም ብለሽ አመድ እንዳትደፊበት።

— እሱስ እውነት ነው፣ የኔ አፈር ዋልካ (ጥቁር ጭቃማ) ስለሆነ ረሳሁት። እህቴ ትኩስ እበትም አታድርጊ፣ ይግላል፣ ሳምንታት ከርሞ ይብረድ። ዶሮ ካለሽም እሰሪያት፣ ጭዱን ጭራ ትሉን ለቅማ ትጨርስልሻለች።

— አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ላስቲኩን አሁን ገልጬ አየሁት፣ ከሥሩ ቁጫጭ ብቻ ነው ያለው። ከብቱ የተወው ጭድስ በስንት ይሰጡኛል?

— ማን ይሸጥልሻል እሱን፣ ጆንያ ይዘሽ ነይ።