ፖርቶ ሪኮ «ግዛት» ናት ወይስ «ራስ ገዝ»?

ጥያቄ፦ ሰላም ወዳጆች። «የአሜሪካ ግዛት የሆነችው ፖርቶ ሪኮ 51ኛዋ ግዛት ለመሆን ድምፅ ሰጠች» ዓይነት ዜና ደጋግሜ አያለሁ። ግዛት ከሆነች ሌላ ምን ግዛት ልትሆን ነው? «ራስ ገዝ» ብንላትስ ያስኬዳል?

መልስ፦ ጣጣው ያለው ቃላችን ላይ ነው። ቴክሳስንም «ግዛት» እንላለን፤ አንድ አገር በጦርነት የያዘውን መሬትም «ግዛት» እንላለን። የካሪቢያን ደሴቷ ፖርቶ ሪኮ ሁለተኛው ዓይነት ናት። አሜሪካ በ1898 እ.ኤ.አ. ስፔንን አሸንፋ ወሰደቻት። ሕዝቧ ከ1917 ጀምሮ የአሜሪካ ዜጋ ነው፤ ደሴቷ ላይ እስከኖረ ድረስ ግን ፕሬዚዳንት አይመርጥም። የአሜሪካ ሕግ አውጪ በሆነው ኮንግረስ ውስጥ ያላት አንድ ተወካይ ነው፤ እሱም ሕግ ሲጸድቅ ድምፅ አይሰጥም። ስለዚህ ቴክሳስን «ክፍለ ግዛት»፣ ፖርቶ ሪኮን «የአሜሪካ ይዞታ» ብንል ዜናው ይጠራል።

«ይዞታ» ያልኩት በምክንያት ነው። በ1901 ከደሴቷ ኒው ዮርክ የገባ ብርቱካን ቀረጥ ይከፈልበት አይከፈልበት የሚል ክርክር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ይከፈልበት ተባለ። አንዱ ዳኛ ደሴቷ ይዞታ ብቻ ስለሆነች በአገር ውስጥ ሕግ ዓይን ለአሜሪካ ባዕድ ናት ብለው ጻፉ። የአሜሪካ ናት፣ ግን አሜሪካ አይደለችም እንደማለት ነው። ፍርዱ እስከ ዛሬ አልተሻረም፤ እኔን ይከነክነኛል።

«ራስ ገዝ» ስህተት አይደለም። ከ1952 ጀምሮ የራሷ ሕገ መንግሥት አላት፤ ገዥዋንም ራሷ ትመርጣለች። ግን ቃሉ ሥልጣኑ ከማን እንደመጣ አይናገርም። በ2016 ያው ፍርድ ቤት፣ የደሴቷ ዐቃቤ ሕግ የመክሰስ ሥልጣን ምንጩ ኮንግረስ ነው ብሏል። ባለቤቱ ሌላ ነው ማለት ነው።

ሌላ አባል፦ ታዲያ «ከሁለት ያጣ ጎመን» ብንላትስ? ክፍለ ግዛትም አልሆነች፣ ነጻ አገርም አልሆነች።

መልስ፦ አባባሉ ያምራል፣ ግን ወገን ይይዛል። ክፍለ ግዛት እንሁን የሚሉትና ነጻ እንውጣ የሚሉት ቢሰሙህ «በትክክል!» ይሉሃል። የስፓንኛ ስሟ «ነጻ ተጓዳኝ መንግሥት» እንደማለት ነው፤ እነሱም «መንግሥትም አይደለች፣ ነጻም አይደለች፣ ተጓዳኝም አይደለች» ይላሉ። ባለችበት ትቆይ የሚሉት ደግሞ ከሁለቱም አገኘን ባይ ናቸው፦ ፓስፖርቱ የአሜሪካ፣ የኦሊምፒክ ቡድኑ የራሳችን። በ2016 ሪዮ ላይ ሞኒካ ፑዊግ በቴኒስ ወርቅ ስታገኝ የተሰቀለው የፖርቶ ሪኮ ባንዲራ ነው። ይህን ሁሉ «ያጣ» ማለት ይከብዳል።

በ1998 ሕዝበ ውሳኔማ ከግማሽ በላይ ድምፅ ያገኘው «ከላይ ከተጠቀሱት የትኛውም አይደለም» የሚለው ምርጫ ነበር። አንዱ ምክንያት አማራጮቹ የተጻፉበት አነጋገር ነው፤ ባለችበት ትቆይ የሚለው ወገን የኔን ሐሳብ አይገልጽም ብሎ ደጋፊዎቹን «የትኛውም አይደለም» ላይ ምልክት አድርጉ አላቸው። በ2020 «ክፍለ ግዛት እንሁን» 52 በመቶ ገደማ አገኘ፤ ግን ኮንግረስን አያስገድድም።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። ፖርቶ ሪኮዎች «ሁንታ» የሚሉትስ የኛው «ጁንታ» ነው?

መልስ፦ ምንጩ አንድ ነው። በስፓንኛ ግን ቦርድ ማለት ነው። በ2016 ኮንግረስ ዕዳ ውስጥ ለገባችው ደሴት የመደበው፣ በጀቷን የሚቆጣጠር ቦርድ ነው። እዚያም ብዙዎች ይጠሉታል። ቢሆንም «ጁንታ» ብለህ እንዳትተረጉመው፤ አንባቢያችን ወዲያው ጦርነት ነው የሚታየው። «የበጀት ተቆጣጣሪ ቦርድ» በለው።