ብረት የሚመስል የዌብሳይት በተን በጊምፕ እንዴት ነው የሚሰራው?

የጦሳ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁም፣ ደሴ ነው ያለሁት። አጎቴ ኮምቦልቻ ላይ በርና መስኮት የሚበይድበት ቤት አለው፣ ዌብሳይት እየሰራሁለት ነው እና "በተኖቹ ብረት ይምሰሉ፣ ሰው ገና ሲከፍተው ስራችንን ይወቅ" አለኝ። የምጠቀመው ጊምፕ 2.10 ነው፣ ነጻውን የምስል መስሪያ ፕሮግራም። ከላይ ነጣ ከታች ጠቆር ያለ ግራጫ ግራዲየንት ሰጠሁት ግን የተቦካ ሲሚንቶ ነው የሚመስለው ወላሂ። ፎቶሾፕ የግድ ነው? ደሞ ሲያልቅ በፒኤንጂ ላውጣው ወይስ በጄፔግ?

ወሎዬዋ፦
አብሽር ወንድሜ ፎቶሾፕ አያስፈልግህም፣ ችግሩ ግራዲየንቱ ላይ ነው። እስኪ ቤት ያለውን የሚያብለጨልጭ ፔርሙስ መስኮት ጋ ወስደህ እየው። ነጩ ቀስ እያለ አይጠቁርም፣ ነጭ ሆኖ ይመጣና ድንገት ቁርጥ ብሎ አጠገቡ ጥቁር መስመር ይሆናል ከዛ ደሞ ተመልሶ ይነጣል። ዓይን ብረት ነው የሚለው ያንን ቁርጥ ያለ ቦታ ሲያይ ነው። አንተ የሰጠኸው ለስላሳ ስለሆነ ነው ሲሚንቶ የሆነብህ።
ስለዚህ (0 ጥቁር፣ 255 ነጭ ነው) ከላይ 245 ጀምር፣ መሃል ስትደርስ 190 ይሁን፣ እዛው መሃል ላይ በአንዴ ወደ 145 ይውረድ፣ ከዛ እስከ ታች 225 ድረስ ይንጣ። ቀይ አረንጓዴ ሰማያዊ ሶስቱም እኩል ቁጥር ነው፣ ሰማያዊውን በ5 ወይ በ6 ከፍ ብታደርገው ደሞ ስቲል ስቲል ይላል። ጊምፕ ላይ ግራዲየንቱን ከሳብክ በኋላ መስመሩ መሃል ላይ ክሊክ ስታደርግ አዲስ ነጥብ ይጨምርልሃል፣ ነጥቡ የግራ ቀለምና የቀኝ ቀለም አለው፣ በመሃላቸው ያለችውን ሰንሰለት ፍታና ለየብቻ ቀለም ስጣቸው። ቁርጡ የሚመጣው እዛ ላይ ነው።

የሐይቁ ልጅ፦
እህቴ ያለችው ልክ ነው፣ ግን የበያጅ ቤት ከሆነ የተፋቀ ብረት ነው የሚያምረው፣ ማለትም ያ በቀጫጭን መስመር የተጫረ የሚመስለው። አዲስ ሌየር (ከላይ የሚደረብ ንጣፍ) ክፈት፣ መካከለኛ ግራጫ ሙላበት፣ ከፊልተር ውስጥ አርጂቢ ኖይዝ ጨምርበት ግን ቀለማቱ ለየብቻ የሚለውን አጥፋው አለበለዚያ ዥጉርጉር ይሆንብሃል፣ ከዛ ሞሽን ብለር ሊኒየር፣ አንግል 0፣ ርዝመቱን 40 አካባቢ አድርገው። ሌየሩን ኦቨርሌይ አድርገህ ኦፓሲቲውን እስከ 30 ድረስ ቀንሰው። ብለሩ ግራና ቀኝ ጫፉን ስለሚያበላሸው ሌየሩን ከበተኑ ሰፋ አድርገህ ስራና በኋላ ቁረጠው። ፎቶሾፕ ያለውም ሰው መንገዱ ይሄው ነው፣ አድ ኖይዝ ላይ ሞኖክሮማቲክ የምትለዋን ይምረጥ።
ጠርዙን አትርሳ፣ ከውስጥ በኩል ከላይ 1 ፒክስል ነጭ መስመር፣ ከውጭ ዙሪያውን ጠቆር ያለ መስመር። ብዙ ሰው ይቺን ይዘላታል፣ ግን በተኑን ከገጹ ላይ ብድግ የምታደርገው እሷ ነች።

ጋሽ መካነ ሰላም፦
ልጆች ይሄ ነገር እኮ ጊዜው አልፎበታል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2013 አይኦኤስ 7ን ሲያወጣ የሚያብለጨልጨውን ሁሉ ጠፍጣፋ አድርጎት፣ ከዛ ወዲህ ሌላውም ወደዛው ሄዷል። አንድ ቀለም ቀብቶ መተው አይሻልም?

የጦሳ ልጅ፦
ጋሼ እርስዎ ያሉት ገብቶኛል ግን አጎቴ ከፋዩ እሱ ነው፣ "ጠፍጣፋ" ብዬ ብነግረው ላሜራ ነው የሚመስለው ሃሃ።

ገራዶ፦
እኔ ደሞ ምስሉን ራሱ ተወው ነው የምለው። ወሎዬዋ የሰጠችህን አራት ቁጥር እንዳለ ወስደህ ሲኤስኤስ (የገጹን መልክ የሚወስነው ኮድ) ላይ ሊኒየር ግራዲየንት ጻፍበት፣ ቁርጡ እንዲመጣ ሁለቱን የመሃል ቀለማት 50 ፐርሰንት ላይ አስቀምጣቸው፣ ነጯን መስመር ኢንሴት ቦክስ ሻዶው ይሰራልሃል። በምስል ካደረግከው "ይደውሉ"፣ "ዋጋ ይጠይቁ"፣ "ስራዎቻችን" እያልክ ለእያንዳንዱ ሌላ ፋይል ነው፣ አጎትህ አንድ ቃል ቀይርልኝ ባለ ቁጥር ጊምፕ ልትከፍት ነው፣ ደንበኛውም በሞባይል ዳታ ነው የሚከፍተው። ሲጫን ግራዲየንቱን ገልብጠው፣ ጽሁፉን 1 ፒክስል ወደ ታች አውርደው፣ በቃ የተጫነ ይመስላል።

የሐይቁ ልጅ፦
ለለስላሳው ብረት እውነትህን ነው። የተፋቀው ግን በሲኤስኤስ ብቻ አስቸጋሪ ነው፣ የተጫረውን ብቻ ትንሽ ምስል አድርጎ ባክግራውንድ ላይ ማስገባት ይሻላል፣ ጽሁፉ ግን ጽሁፍ ሆኖ ይቅር።

ወሎዬዋ፦
በዚህስ እስማማለሁ። በተኑን ሙሉውን ምስል ካደረግከው ፒኤንጂ ነው፣ ጄፔግ ትራንስፓረንት አይችልም፣ የተጠጋጋው ጥግህ ነጭ ሳጥን ይዞ ነው የሚወጣው። የተጫረው ምስል ብቻ ከሆነ ጥግ የለው ምን የለው፣ ጄፔግም ይበቃዋል። ደሞ ፊደሉን ኤምቦስ (ወጣ ብሎ የሚታይ) እንዳታደርገው፣ የኛ ፊደል እነ "ጭ" "ጽ" ቅርንጫፋቸው ብዙ ነው፣ ከ16 ፒክስል በታች ኤምቦስ ሲደረግ ተድቦልቡሎ አይነበብም። ጠቆር ያለ ፊደል አድርግና ከስሩ 1 ፒክስል ነጭ ሻዶው ስጠው፣ ብረቱ ላይ የተቀረጸ ይመስልልሃል። ፎንቱን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ቦልድ አድርገው፣ ነጻ ነው።

የጦሳ ልጅ፦
አላህ ይስጣችሁ፣ ቁርጡን ሳስገባው ወዲያው ብረት ሆነ! ኮምፒውተር ላይ ጥርት ብሏል፣ ስልክ ላይ ግን የተጫረው ደብዘዝ ይላል፣ ለምንድነው?

የሐይቁ ልጅ፦
የስልኩ ስክሪን ፒክስሉ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ምስሉን ለጥጦት ነው። በተኑ 160 በ48 ሆኖ የሚታይ ከሆነ ምስሉን 320 በ96 አድርገህ ስራው፣ ሲኤስኤስ ላይ ባክግራውንድ ሳይዙን 160 በ48 በለው። ኖይዙንም በትልቁ ላይ እንደ አዲስ ስራ፣ የድሮውን ስበህ አታሳድገው።