ሰውን በመደብ ለመክፈል ገቢ ብቻ ይበቃል?

ጥያቄ፦
ለአንድ መጠይቅ ሰዎችን ላይኛ፣ መካከለኛና ዝቅተኛ ብዬ መክፈል ፈልጌ ነበር። የወር ገቢ ብቻ ይበቃል? የቧንቧ ሠራተኛው ከመምህሩ በላይ ሲያገኝ ከፍ ያለው የቱ ነው?

መልስ 1፦
ከገቢ መጀመር ክፋት የለውም፤ ግን የአንድ ሰው ደሞዝ ሳይሆን የቤተሰቡን ገቢ ያዝ። ኦኢሲዲ (በአብዛኛው የበለጸጉ አገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት) እ.ኤ.አ. በ2019 መካከለኛ ያለው ከሚዲያን ገቢ (ሁሉም ከትንሹ ወደ ትልቁ ሲደረደር መሐል ላይ ከሚውለው) ከ75 እስከ 200 በመቶ ያለውን ነው። የቤቱን ገቢ ለቤተሰቡ ብዛት ስኩዌር ሩት ታካፍላለህ፤ አራት ሰው ካለ ለ2 ማለት ነው። ሚዲያኑ 100 ቢሆን፣ 140 የሚያገኝ ብቸኛ ሰው መካከለኛ ነው። ያንኑ 140 ለአራት የሚኖሩበት ቤት ግን 70 ላይ ይወርዳል፤ ከ75 በታች ስለሆነ መካከለኛ አይባልም። በሚዲያን ፈንታ አማካይ እንዳትወስድ፤ ጥቂት ባለጸጎች ሽቅብ ይጎትቱታል።

መልስ 2፦
እሱ የገቢ እርከን ነው እንጂ መደብ አይደለም። ጀርመናዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ማክስ ዌበር ሀብትን፣ ክብርንና ሥልጣንን ለያይቶ ያያቸው ሁልጊዜ አብረው ስለማይሄዱ ነው። መምህሩ በክብር ቢበልጥ፣ ቧንቧ ሠራተኛው በኪሱ ይበልጠዋል።

እኔ ብሆን እንዲህ ብዬ እጨምራለሁ፦ ደሞዙ ዛሬ ቢቆም፣ ዕዳው ተቀንሶ በቀረው ጥሪት ስንት ወር ይኖራል? ኪራይ ወይም የአክሲዮን ትርፍ ያገኛል? በሥራው ላይስ ማን ያዘዋል? በሰዓት የሚከፈለውና ሐኪም ዘንድ ለመሄድ አለቃ የሚያስፈቅደው፣ ሰዓቱን ራሱ ከሚያመቻቸው ባለደሞዝ ጋር ገቢያቸው እኩል ቢሆን እንኳ መደባቸው አንድ አይደለም። ቧንቧ ሠራተኛውም ተቀጣሪ ነው፣ ለብቻው ይሠራል ወይስ ሰው ቀጥሯል? ሦስቱ ሦስት ቦታ ናቸው።

ጠያቂው፦
በቀጥታ «መደብህ የቱ ነው?» ብልስ?

መልስ 3፦
ጠይቅ፣ ግን እሱን ብቻ አትመን። ሰው ራሱን የሚለካው ከጎረቤቱና ከባልደረባው ጋር ስለሆነ፣ ያለውም የሌለውም «መካከለኛ ነኝ» ይልሃል። በኢንተርኔት ብቻ መሰብሰብም ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ2013 ውጤቱ የወጣውን የቢቢሲን የመደብ መጠይቅ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ሞላው፤ የሞሉት በብዛት የተማሩና የደላቸው ስለነበሩ ግን ሌላ 1,026 ሰው በናሙና መጠየቅ ግድ ሆነ።

የወላጆችንም ሥራ አትርሳ። «ልጅ ሳለህ» ከማለት «14 ዓመት ሲሆንህ ምን ይሠሩ ነበር?» በል፤ አለዚያ አንዱ የመጀመሪያ ሥራቸውን፣ ሌላው ጡረታ የወጡበትን ይነግርሃል።