ቲማቲሜ ቀላ እንጂ አልጣፈጠም፤ ምን ላድርግ?

እንደምን ናችሁ? ልምድ ያላችሁ እባካችሁ እርዱኝ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በረንዳዬ ጠዋት ጥሩ ፀሐይ ያገኛል። ከሰባት ሰዓት በኋላ ግን የፊት ለፊቱ ሕንፃ ይጋርደዋል።

አምስት እግር ቲማቲም አለኝ። ሦስቱ በ20 ሊትር የቀለም ባልዲ፣ ሁለቱ በተቆረጠ የ5 ሊትር ዘይት ጀሪካን። አፈሩ ላይ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅያለሁ። ጎረቤቴ ዩሪያ ሰጠችኝና በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ጣል አደርግ ነበር። ቅጠሉማ ጎመን ያስንቃል!

እሁድ የመጀመሪያዎቹን አራት ፍሬዎች ቆርጬ በሽንኩርት፣ በቃሪያና በሎሚ ፍትፍት ሠራሁ። መልካቸው ቀይ፣ ውስጣቸው ውሃ። ባለቤቴ ቀመስ አደረገና «ጨው ረስተሻል እንዴ?» አለኝ። አልረሳሁም። አፈርኩ።

ጀሪካኑ ላይ ያሉት ደግሞ ብሰዋል። ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ከታች፣ አበባው በረገፈበት በኩል፣ ጠቁሮ ይሰረጉዳል። ውሃ ሲቆራረጥበት ካልሲየም አይደርሰውም የሚባለውን ሰምቻለሁ። እውነቱን ለመናገር ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ ነው። በመጣ ቀን አጥለቀልቃቸዋለሁ፣ በሌለ ቀን ይጠማሉ።

እና ምን ትመክሩኛላችሁ? ዩሪያውን ትቼ ትንሽ የእንጨት አመድ ልሞክር? ፍሬው መቅላት ሲጀምር ውሃ ልቀንስ? የጀሪካኖቹን ወደ ባልዲ ባዛውራቸው አበባ እንደያዙ ይደርቁብኝ ይሆን? ለግማሽ ቀን ፀሐይ ትንንሹ ቼሪ ቲማቲም ይሻላል የምትሉ ካላችሁም ንገሩኝ። ክረምቱ ሳይገባ ብትደርሱልኝ ደስ ይለኛል።