ለጋራ ዕቅዳችን፦ የዊንቸስተሯ ሊኮሪሺያ የጥናት ቀን

ሰብሳቢ፦ ሰላም እህት ወንድሞች። የተመረጠው ርዕስ በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ገንዘብ ያበድሩ የነበሩ አይሁዳውያን ሴቶች ነው። መነሻችን የዊንቸስተሯ ሊኮሪሺያ ትሁን። በ1277 ቤቷ ውስጥ ከክርስቲያኗ ሠራተኛዋ ከአሊስ ጋር ተገድላ ተገኘች። ከዚያ እንጀምር?

የንባብ ክፍል፦ እባክዎ፣ ከግድያው አንጀምር። ሰው አሟሟቷን ከሰማ በኋላ ስለ ሥራዋ መስማት አይፈልግም። ሁለተኛ ባሏን፣ የኦክስፎርዱን ዴቪድን፣ ከማግባቷ በፊትም በራሷ ስም ታበድር ነበር። በ1244 ሲሞት ንጉሥ ሣልሳዊ ሄንሪ የሟቹ ሀብት እስኪቆጠር ለንደን ታወር በሚባለው ምሽግ ውስጥ አሰራት። ውርሱን ለማስለቀቅ 5,000 ማርክ ተጣለባት፤ አብዛኛው ለዌስትሚንስተር ገዳም ግንባታ ዋለ። ጎብኚው ያንን ሕንፃ ያውቀዋል፣ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ግን አያውቅም። በዚህ እንክፈት።

ሒሳብ ያዥ፦ በጣም ጥሩ። አንድ ማርክ የፓውንድ ሁለት ሦስተኛ ስለሆነ ድምሩ ከ3,300 ፓውንድ ይበልጣል፤ ይህም ይጻፍ። ሳጥኑም አይቅር። ከ1194 ጀምሮ የብድር ውል በሁለት ቅጂ ይጻፍ ነበር፤ አንዱ አበዳሪው ዘንድ፣ ሌላው ሦስት ቁልፍ ባለው የጋራ ሳጥን ውስጥ። አንዱን ቁልፍ ሁለት አይሁዶች፣ አንዱን ሁለት ክርስቲያኖች፣ ሦስተኛውን የመንግሥት ጸሐፊ ይይዛል። ማን ለማን ስንት እንዳለበት ንጉሡ ስለሚያውቅ ግብር ሲጥል የሚነካውን ያውቃል። በካርቶንም ቢሆን ሠርተን እናሳይ፤ ቁልፉን በእጃቸው ይዘው ይዩት።

አዲስ አባል፦ ጋሼ፣ ወለዱስ? የተፈቀደው ጣሪያ በሳምንት ለአንድ ፓውንድ (ያኔ 240 ፔኒ) 2 ፔኒ፣ በዓመት 43 በመቶ ገደማ ነበር። ይህ ብቻውን ከተለጠፈ ሰው ጥላቻ ይዞ ይወጣል ብዬ እፈራለሁ።

ሒሳብ ያዥ፦ ልክ ነሽ ልጄ። ቁጥሩን አንደብቅ፣ ግን ምክንያቱ አብሮት ይለጠፍ፦ ቤተ ክርስቲያን ለክርስቲያን አራጣ ከልክላለች፣ አይሁዳውያን አብዛኛው ሌላ ሥራ ተዘግቶባቸዋል፣ ንጉሡም ከትርፋቸው በግብር ይወስዳል።

የንባብ ክፍል፦ ከዚያችው ከተማ ሌላዋን አበዳሪ ቤሊያንም እንጨምር፤ ሊኮሪሺያ ብቸኛ አልነበረችም። የአሊስም ስም አይቅር፤ አብራ ሞታለች።

ሰብሳቢ፦ ተስማምተናል። መክፈቻው 1244፣ ቀጥሎ ሳጥኑ፣ ወለዱ ከነምክንያቱ፣ ቤሊያ፣ ከዚያ ግድያው ከሁለቱ ሴቶች ስም ጋር። መዝጊያው አራጣን የከለከለው የ1275 ሕግና አይሁዳውያን በ1290 ከእንግሊዝ መባረራቸው። ማሳረፊያችን በዊንቸስተር የአይሁድ ጎዳና በ2022 የቆመው ሐውልቷ ጋ ይሁን። ረቂቁን የንባብ ክፍል፣ ሳጥኑን ሒሳብ ያዥ ይያዙ።